ነፋስና ካፊያ በአርሲ መንገድ

በአውቶቡስ የሄደ ሰው ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው መንገድ እንዴት ነው ተብሎ ሲጠየቅ የሚናገረው ስለ ስንዴው ማሳና ስለ ጭላሎ ተራራ ነው። ስለ ነፋሱ የሚያነሣ የለም። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጎረቤቱ ትከሻው ላይ አንቀላፍቶ፣ ነፋሱን ከየት ያገኘዋል? ይህንኑ መንገድ በሞተር ብስክሌት የሚመላለሰውን የእርሻ ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ ጠይቁት እንደ ሆነ ግን ተራራውን ከማንሣቱ በፊት የነፋሱን ጠባይ ይነግራችኋል። የትኛው ድልድይ ላይ እንደሚመታ፣ የትኛው የባሕር ዛፍ ረድፍ እንደሚከልል፣ ጉሙ ከሳጉሬ በላይ በስንት ሰዓት እንደሚገለጥ በቃሉ ያውቀዋል።

ቀድሞ ወደ ገጠር የተመደበ የመንግሥት ሠራተኛ የሚያስበው ስለ በቅሎ ነበር፤ ዛሬ የበቅሎዋን ቦታ ሞተር ብስክሌት ወስዳዋለች። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት ግቢ ቆማ የምትታየው ያማሃ ኤጂ 100 ለዚሁ ሥራ ታስባ የተሠራች ናት። ሞተሯ 100 ሲሲ ብቻ ነው፤ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ አላት፤ ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይነካው ተሸፍኗል፤ መቆሚያዋም በግራና በቀኝ ነው። የከተማ ጐረምሳ ሲያያት ይስቃል። እኔ ግን ሁለት መቆሚያ ለነፋስ አገር ምን ያህል እንደሚጠቅም ካየሁ ወዲህ አልስቅባትም። ነፋሱ ከግራ ሲመጣ በቀኙ፣ ከቀኝ ሲመጣ በግራው መቆሚያ ላይ ያስደግፏታል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ራሱ በመቆሚያዋ ላይ ይጫናታል እንጂ አይጥላትም።

እንዲህ ያለችውን ሞተር ከጨረታ ከገዛ ወዳጄ ተውሼ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከአዳማ ተነሥቼ እስከ በቆጂ ደርሼ ተመለስሁ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጋቢትን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በበጋ ቆላው ነፋስ እንጂ ዝናብ አያውቅም፤ በክረምት ደግሞ ደጋው ከጧት እስከ ማታ ጉምና ጭቃ ነው። በመጋቢት ግን የቆላው ነፋስ ገና ሳይበርድ በደጋው የበልግ ዝናብ ይጀምራልና ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል። በዚህ መንገድ ላይ እንጀራቸውን የሚያበስሉ ወጣቶች ብዙ ስለ ሆኑ፣ ሁለቱን እንዴት እንደሚችሉአቸው ማወቅ ፈለግሁ።

የአዳማ ነፋስ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ሲመጡ ከከተማው በፊት በኮረብታው ላይ የተደረደሩት ነጫጭ ማማዎች የቆሙት ለጌጥ አይደለም። የመጀመሪያው የአዳማ የነፋስ ኀይል ማመንጫ 34፣ ሁለተኛው ደግሞ 102 ተርባይን አለው፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ስለ ሆነ በድምሩ 204 ሜጋ ዋት ይሆናል። መሐንዲሶቹ ይህን ቦታ የመረጡት ነፋሱን ለክተው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ ባሉት ከፍታዎች መካከል ገብቶ ይጠባል፤ በጠበበ ቦይ የገባ ውሃ እንደሚፈጥን ሁሉ እርሱም ይፈጥናል። ለተርባይኑ በረከት የሆነው ነገር በሁለት ጎማ ለሚሄድ ሰው ሌላ ጉዳይ ነው።

የነፋስን ጉልበት ሰው ብዙ ጊዜ አሳንሶ ይገምተዋል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፍጥነቱ ወደ 40 ቢያድግ ግፊቱ እጥፍ ብቻ የሚሆን ይመስለናል፤ ነገር ግን አራት እጥፍ ነው። እንዲሁም በ50 የሚነዳ ሰው በ30 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ነፋስ ፊት ለፊት ቢገጥመው ደረቱን የሚመታው የ80 ነፋስ ነው። ባለ 100 ሲሲዋ ሞተር ያን ጊዜ ታቃስታለች። ጀማሪ ነጂ ሞተሯ የተበላሸች መስሎት ጋዙን እስከ መጨረሻው ይጠመዝዛል። የቆየው ግን አንድ ማርሽ ቀንሶ፣ ፍጥነቱንም ቀንሶ፣ ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት የሚደርስበት ቦታ በአንድ ሰዓት ተኩል ይደርሳል፤ እንዲያውም ከመነሣቱ በፊት እንዲህ ብሎ አስቦታል።

ፊት ለፊት የሚመጣው ነፋስ አድካሚ ነው እንጂ ተንኰለኛ አይደለም። ተንኰለኛው የጎኑ ነው። ከአዳማ ወጥቶ በአዋሽ መልካሳ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ እስከ ደራ ያለው ሜዳ የዚህ ነፋስ ርስት ነው። መንገዱ ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ይመጣል፤ ስለዚህ ሲሄዱ ግራ ጎንን ያገኛል። ሞተሯ ወደ ቀኝ፣ ማለት ወደ አስፋልቱ ዳር ትገፋለች። ነጂው ሳያውቀው ሰውነቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ከነፋሱ ጋር ተደጋግፎ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ደኅና ነው፤ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ከፊት እስኪመጣ ድረስ!

ያ መኪና ሲያልፍ የሚሆነውን በዝርዝር መናገር ይገባኛል፤ በዚህ መንገድ ላይ ከሚያስፈሩ ነገሮች ሁሉ ዋናው ይኸው ነውና። በመጀመሪያ መኪናው ከፊቱ የሚገፋው አየር ይመታሃል። ቀጥሎ የመኪናው ቁመት ነፋሱን ስለሚጋርደው የተደገፍህበት ግድግዳ በድንገት ይጠፋል፤ አንተም ወደ ግራ እንዳዘነበልህ ነህና ሞተሯ ወደ መኪናው ትሳባለች። ከዚያ የተሳቢው ጭራ ሲያልፍ ነፋሱ እንደ ጥፊ ተመልሶ ወደ ዳር ይወረውርሃል። ሦስቱም ነገር የሚፈጸመው ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ነው። በአንዳንድ ቦታ የአስፋልቱ ዳር ከጠጠሩ በአንድ ጋት ከፍ ስለሚል፣ ከዚያ መውረድ ማለት መውደቅ ማለት ነው።

መድኀኒቱ ምንድን ነው ብዬ በደራ አንድ የሞተር ጠጋኝ ጠየቅሁ። ሰውየው በዘይት የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ መሪዋን አትነቋት» አለኝ። ነገሩ የቀልድ መሰለኝ፤ እርሱ ግን ቀልደኛ አልነበረም። ሰው ሲፈራ መሪውን ጨብጦ ክንዱን ያደርቃል፤ ያን ጊዜ ነፋሱ ትከሻን በመታ ቁጥር ምቱ በክንድ አልፎ እስከ ፊተኛው ጎማ ይደርሳል። ጉልበት የነዳጁን ታንክ አጥብቆ ይያዝ፣ እጅ ግን የወፍ ጫጩት እንደ ያዘ ሰው ይላላ። ሞተሯ ከወገብ በታች ስትወዛወዝ እርሷው ራሷን ታቃናለች። መኪናው ከመድረሱ በፊት ፍጥነት መቀነስ፣ ከዳሩ ርቆ በራስ መስመር አጋማሽ ላይ መሆን፣ ዐይንንም በመኪናው ጎማ ላይ ሳይሆን ከኋላው ባለው ባዶ መንገድ ላይ ማሳረፍ፤ ይህ ነው ትምህርቱ። ዐይን ወደሚያይበት ሞተሯ ትሄዳለችና።

ጠጋኙ ሌላም ነገር ነገረኝ። የጎማ ጥገና የሚበዛው በበጋ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ከጎማ ይልቅ የሚያስቸግረው ጭነት ነው አለኝ። ሰው ፍራሽ ጠቅልሎ፣ ባዶ ጀሪካን ደራርቦ፣ ወይም ቆርቆሮ አጋድሞ በኋላ መጫኛዋ ላይ ያስራል። ጭነቱ ቀላል ስለ ሆነ የማይጎዳ ይመስለዋል። ነፋስ ግን ክብደትን አይጠይቅም፤ የሚፈልገው ስፋትን ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ዝቅ ብሎ ቢታሰር ከአንድ ባዶ ፍራሽ ይሻላል። የነጠላና የፎጣ ጫፍም እንደዚሁ ነው፤ እየተርገበገበ ሄዶ በኋላ ጎማ የተጠመጠመ እንደ ሆነ ፍጻሜው አያምርም። ከኋላ የሚቀመጥ ሰውም ተጠግቶ ይቀመጥ፤ ለአክብሮት ብሎ ራቅ ሲል በመካከል ነፋስ ይገባል።

ነፋሱን በዐይን ማየት የማይቻል ይመስላል እንጂ ይቻላል። የመንገዱ ዳር ሣር ወዴት እንደተኛ፣ ከጎጆው የሚወጣው ጢስ እንዴት እንደሚሰበር፣ የሴቲቱ ነጠላ በየት በኩል እንደተነሣ፣ ፌስታል አስፋልቱን አቋርጦ ሲሮጥ በስንት ፍጥነት እንደሆነ፤ ይህ ሁሉ ለሚያነብ ሰው እንደ ጋዜጣ ነው። ይልቁንም የባሕር ዛፉ ረድፍ በሚያልቅበት፣ የተቆረጠው ኮረብታ በሚከፈትበት፣ ድልድይ በሚጀምርበት ቦታ ሁሉ አስቀድሞ መዘጋጀት ያስፈልጋል።

ከደራ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ይላል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ስትሆን ቁሉምሳ 2,200፣ አሰላ ከ2,400 በላይ፣ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ በአዳማ በሸሚዝ የተነሣ ሰው በቆጂ ሲደርስ የሰባትና የስምንት ዲግሪ ልዩነት ይጠብቀዋል። ኢተያን በፍጥነት አለፍሁት፤ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ተጋፍተው መንገዱን ይዘውታል። ቁሉምሳ ላይ የእርሻ ምርምር ማዕከሉን በግቢው ዛፍ ያውቁታል። በ1960ዎቹ በስዊድን ርዳታ በዚህ አውራጃ ይሠራ የነበረው፣ ካዱ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ በዚህ አካባቢ የተሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው አስተዋውቋል። አርሲ ዛሬ የስንዴና የገብስ አገር ሲባል የዚያ ሥራ አሻራ አለበት። ኮምባይነሮች መንገድ ሲያቋርጡ ከማሳው የሚያመጡት ጭቃ ግን ከዝናብ በኋላ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋልና ከአድናቆት ጋር ፍሬንም ያስፈልጋል።

አሰላ ላይ ቆሜ ለበስሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሳይበርድ ነው የሚለበሰው። አንድ ጊዜ ሰውነት ከቀዘቀዘ በኋላ የተደረበ ልብስ ብርዱን አቅፎ ይይዛል እንጂ ሙቀት አይፈጥርም። ሞተር ነጂዎች ሁሉ የሚያውቁት ርካሽ ዘዴ አለ፤ ጋዜጣ አጥፎ ከጃኬት በታች በደረት ላይ ማድረግ። ወረቀቱ ነፋስ አያሳልፍም፣ በመካከሉም አየር ይይዛል። (ይህን መጽሔት አንብበው ሲጨርሱ ለዚህ አገልግሎት ቢያውሉት አዘጋጁ ቅር አይለውም ብዬ አምናለሁ።) በካልሲና በጫማ መካከል ፌስታል ማግባትም እንዲሁ እግርን ከውሃ ያድናል። የሄልሜቱ መስተዋት በትንፋሽ እንዳይደበዝዝ በውስጥ በኩል ደረቅ ሳሙና ስስ አድርጎ ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ነው። ጓንት የሌለው ካልሲ በእጁ ያጠልቃል፤ መልኩ አያምርም፣ ሥራውን ግን ይሠራል።

አንዳንዶች ከአሰላ ሲነሡ አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ይጨምራሉ። ይሞቃል ይላሉ። ሙቀቱ የሚሰማው አረቄው የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ነው፤ በዚያው በተከፈተው መንገድ የሰውነት ሙቀት ወደ ውጭ ይወጣል። ስለዚህ ጠጪው የሞቀው እየመሰለው ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ መሪ በሚይዝ እጅ ላይ የሚያደርሰውን ሌላ ነገር ሳልቆጥር ነው። ጩኮ የቀመሰ ሰው ይሻላል። የተቆላ የገብስ ዱቄት በተነጠረ ቅቤ የታሸ ነውና በጥቂቱ ብዙ ሰዓት ይይዛል፤ በኪስም ይያዛል።

ከአሰላ ወደ ሳጉሬ ስወጣ ጭላሎ በግራዬ መኖር ነበረበት። ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ መቼም አይደበቅም ይባላል፤ በዚያ ቀን ግን ከሥሩ ጀምሮ አልነበረም። ጉሙ እስከ መንገዱ ወርዶ የባሕር ዛፎቹን ጫፍ ቆርጦ ወስዷል። መጀመሪያ ካፊያ ብቻ ነበረ፤ ጥቂት ቆይቶ ነፋስ ተጨመረበትና ውሽንፍር ሆነ። ከአንገት ይገባል፣ ከእጅጌ ይገባል፣ የተቆለፈውን ቁልፍ አልፎ ይገባል። በጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት ያበራ ሰው በፊቱ ነጭ ግድግዳ ይሠራል፤ ስለዚህ አጭሩን መብራት አብርቼ በ30 ኪሎ ሜትር ሄድሁ። ከፊት የሚመጣው ጋሪ መብራት የለውም። አህያዋም የላትም።

ብርድና ፍጥነት ሲገናኙ የሚሆነውን በቁጥር ማየት ይረዳል። በጥላ ሥር አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ የሚመታው ገላ የሚሰማው የ5 ዲግሪ ያህል ብርድ ነው፤ አየሩ 5 ቢሆን ደግሞ ከዜሮ በታች ሁለት ያህል ይሆናል። ይህ ደረቅ ለሆነ ሰው የተሰላ ነው፤ የረጠበ ሰው ከዚህ የባሰ ይጎዳል። በመጀመሪያ ጣት ይደነዝዛል፤ ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን የሚይዙት እነዚያው ጣቶች ናቸው። ቀጥሎ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነገር ከሁሉ ይከፋል፤ አሳብ ይዘገያል። የቀዘቀዘ ሰው መቆም እንዳለበት ራሱ አይታወቀውም። «ጥቂት ነው የቀረኝ» ይላል።

ሳጉሬ ስደርስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ከመንገዱ ዳር ባለች ሻይ ቤት ሞተሬን አስደግፌ ገባሁ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ሳልጨርስ አንድ ወጣት ከተራራው በኩል በሚመጣው የጠጠር መንገድ ደረሰ። ሞተሩ እንደ እኔው ያለች ናት፤ በኋላ መጫኛዋ ላይ ሰማያዊ የክትባት ሳጥን በካላማዳሪያ ልጥ ታስሯል። በሩ ላይ ቆሞ የሄልሜቱን ማሰሪያ ለመፍታት ይታገላል፤ ጣቶቹ አልታዘዝ ብለውታል። ባለቤቲቱ ተነሥታ ፈታችለት።

«ና ግባ ልጄ፤ ምነው በዚህ አየር?»

«እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለና ሁለት እጁን በቀጥታ ወደ ከሰሉ ዘረጋ።

«ተው! አሁን አይሰማህም፤ ቆዳህ ተቃጥሎ ነው የምታውቀው። ብብትህ ውስጥ አድርጋቸው።» ጋቢዋን አምጥታ በትከሻው ላይ ጣለችለት።

ሻዩን በሁለት መዳፉ ይዞ ሲረጋጋ ነገሩን አወራን። የክትባት ሠራተኛ ነው። መድኀኒቱን ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ተቀብሎ በተራራው በኩል ወዳለች አንዲት የገጠር ቀበሌ ሲወጣ ከግማሽ መንገድ በላይ ሄዶ ነበር። ጉሙ ከፊት ጎማው አንድ ክንድ አልፎ አያሳይም፤ ሁለት ጊዜ ፍሬን ሲይዝ ጣቱ መያዙንና አለመያዙን ማወቅ አቃተው። ሞተሩን አዙሮ ተመለሰ። መመለሱን ሲናገር ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ።

በማእዘኑ ብርድ ልብስ ተከናንበው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ከጣሪያው ጥላ ሥር አቁመው ሻይ ይጠጣሉ። እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ነበር።

«ሞተርህ ከፈረሴ ትፈጥናለች፤ አይደለም?» አሉት።

«ትፈጥናለች አባባ።»

«ፈረሴ ግን ውሽንፍር ሲመጣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ አንገቷን ደፍታ ትቆማለች። ብመታትም አትሄድም። ሲያልፍ ራሷ ትነሣለች። እስከ ዛሬ ገደል አልከተተችኝም።»

«አባባ፣ እናቶች ከነሕፃናቶቻቸው ነገ ጧት ይሰበሰባሉ። ስንቱ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ ይመጣል። ክትባቱን ይዤ ካልተገኘሁ ተመልሰው ላይመጡ ይችላሉ።»

«ነገ ጧት ነው የሚሰበሰቡት?»

«አዎን፤ ሦስት ሰዓት።»

«ታዲያ ዛሬ ማታ ማን ይጠብቅሃል?»

ወጣቱ ሳጥኑን አየና ሊመልስ አሰበ፤ መልስ አላገኘም። የሚያስጨንቀው መድኀኒቱ መሆኑን ገባኝ። ክትባት ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ከዚያ ቢሞቅ ይበላሻል፣ አንዳንዱ ዓይነት ቢረጋም ይበላሻል። ይሁን እንጂ ሳጥኑ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ነው፤ ከጽሕፈት ቤቱም ፍሪጅ ድረስ ያለው መንገድ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ክትባቱ የሚያርፍበት ቦታ ነበረው። ማረፊያ እንደማይገባው የቆጠረው ራሱን ብቻ ነበር።

ይህን ዓይነት ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አውቃለሁ። የወር ሪፖርት ሲሞላ ስንት ቀበሌ እንደደረሰ የሚጻፍበት ዓምድ አለ፤ አየሩ ከፍቶ በቆመበት ስፍራ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ የሚጻፍበት የለም። ስለዚህ የቆመ ሰው የሰነፈ ይመስለዋል። ኀላፊው ምን ይላል፣ ጓደኛዬ ባለፈው ሳምንት ሄዶ የለም ወይ፣ እያለ በጉም ውስጥ ይገባል። አንድ የክትባት ሠራተኛ እግሩ ቢሰበር ግን ያች ቀበሌ የምታጣው አንድ ቀን ሳይሆን ብዙ ወር ነው። ይህን ለማስላት የሒሳብ ባለሙያ አያስፈልግም፤ ቅጹን ያዘጋጁት ሰዎች አንድ ቀን በመጋቢት ወር ወደዚያ ተራራ በሞተር ቢወጡ ዓምዱን ይጨምሩት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዝናቡ አባራ። ወጣቱ ወደ በሩ ሄዶ ወደ ተራራው አየ። አንድ ሰዓት ብርሃን ቀርቶታል፤ መንገዱ ረጥቧል። ሽማግሌው ፈረሳቸውን እየፈቱ ነበር፤ ምንም አልተናገሩም። ወጣቱ ሳጥኑን ወደ ጽሕፈት ቤቱ መለሰና በእግሩ ተመልሶ መጣ። ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስልክ ደውሎ፣ «እኅቴ፣ በጧት ነው የምመጣው፤ እናቶቹን እንዳትበትኛቸው» ሲላት ሰማሁ። እኔም በቆጂን ለነገ አሳደርኋት።

ንጋት ላይ ሰማዩ ተገልጦ ነበር። በደጋ አገር ዝናቡ የሚበዛው ከቀትር በኋላ ነውና፣ ጉሙ ከተነሣበት እስከ ቀትር ያለው ጊዜ የሞተር ነጂ ሀብት ነው። ሁለታችንም አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን፤ ወጣቱ በጠጠሩ መንገድ ወደ ላይ፣ እኔ በአስፋልቱ ወደ ደቡብ።

ከሳጉሬ እስከ በቆጂ ያለውን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ የሄድሁት እያየሁ ነው። ጭላሎ ከኋላዬ ወጥቶ ነበር። የተዘራውና ያልተዘራው ማሳ እንደ ተጣፈ ብርድ ልብስ ይታያል። በርኖስ የደረቡ ፈረሰኞች ወደ ገበያ ይሄዳሉ። በቆጂ ለሩጫ ስሟ በዓለም የተሰማ ከተማ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፣ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህ አካባቢ የወጡ ናቸው። በባሕር ዛፉ ጫካ ዳር ልጆች ተሰልፈው ሲሮጡ አየሁ። ነፋሱን የሚሰብረው የፊተኛው ነው፤ ጥቂት ሄዶ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሁለተኛው ይተካዋል። ለሞተር ነጂ ይህ አይቻለውም፤ ከጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ ከነፋስ ልሸሸግ የሚል አለና እንዳይሞክረው እመክራለሁ። መኪናው ፍሬን ሲይዝ የሚያየው የለውም።

በቀትር የስልክ ድምፅ ሰማሁ። ወጣቱ ነበር። ከሦስት ሰዓት በፊት ደርሶ ክትባቱን ጀምሯል፤ ከተጠሩት እናቶች ሁለት ብቻ ቀሩ፤ እነርሱም ለሚቀጥለው ሳምንት ተቀጥረዋል። የአየሩን ነገር ስጠይቀው፣ «ከተራራው ጀርባ ደመና እየመጣ ነው፤ አሁን መውረዴ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

እኔም ዝናቡ ሳይቀድመኝ ተመለስሁ። አሰላ ላይ ጋዜጣውን ከደረቴ አወጣሁ፤ ርሶ ሁለት ገጹ ተጣብቋል። ከደራ በታች የቆላው ነፋስ እንደ ትላንቱ ከምሥራቅ ይነፍሳል፤ ነገር ግን አሁን በቀኜ ነው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ትላንት ሲገፋኝ ወደ ጠጠሩ ነበር፤ ዛሬ የሚገፋው ወደ መንገዱ መሐል፣ ከፊት ወደሚመጡት መኪናዎች ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ ጠጋ ብዬ፣ ነፋሱ ቢያንሸራትተኝ የምንሸራተትበት ስፍራ በግራዬ ትቼ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ሄድሁ። አንድ ተሳቢ፣ ቀጥሎም ሁለት አይሱዙ አለፉኝ። ከመልካሳ ድልድይ በፊት ጠጋኙ የነገረኝን አስታውሼ መሪዋን ላላ አድርጌ ያዝሁ፤ ነፋሱ በወንዙ ላይ አንድ ጊዜ አጥብቆ መታና ለቀቀኝ። የአዳማ ማማዎች በሩቁ ሲሽከረከሩ ይታዩ ነበር።